ሸክም ያልነካው ማጅራት

ሌአንድሮ አንድ ብርጭቆ ቢራ ከቀመሰ ሸሚዙ አንገቱ ላይ አይቆምም። አንገትጌውን ወደ ኋላ ይጎትትና፣ አገጩን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ማጅራቱን ለመጠጥ ቤቱ ሰው ሁሉ ያሳያል። እዚያ፣ አንገት አልቆ ጀርባ የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ የግማሽ እንቁላል ያህል እብጠት አለችው።

"ንኪያት እስቲ፣ አትናከስም" ይላታል አሳላፊዋን። "እመቤታችንን የተሸከምኩባት ናት። ማንም ገዝቶ አያገኛትም።"

ሴቶቹ ይነካሉ፣ "ውይ!" ይላሉ። ቱሪስት ከሆኑ ደግሞ ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የተቀቀለ ቀንድ አውጣዬን ከዛጎሉ በስንጥር እየጎረጎርኩ አየዋለሁ።

ሬመዲዮስ እባላለሁ፣ ሰፈሩ ሬሜ ይለኛል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሰው ጀርባ ላይ ነው። የሰው ፊት ብዙም አላይም። ደንበኞቼ ይገባሉ፣ በሆዳቸው ይተኛሉ፣ ፊታቸውን አልጋው ቀዳዳ ውስጥ ይከታሉ፣ እኔ ከማጅራት እስከ ጅራት አጥንት በጣቶቼ እወርዳለሁ። መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ አንዳንዴ ማን እንደሆኑ አላውቅም፣ ከኋላ ካየኋቸው ግን ስማቸውን ከነአባታቸው እጠራለሁ። ስለዚህ ስለ ሌአንድሮ የምነግራችሁ ሐሜት ሰምቼ አይደለም። ዳስሼ ነው።

ሰውየው ፍራሽ ሻጭ ነው። ከገበያው ማዶ ያለው ሱቅ የሱ ነው፣ መስኮቱ ላይ "ለአከርካሪዎ የሚያስብ ፍራሽ" ብሎ አጽፏል። የሚያስብ! እዚያ ፍራሽ ላይ አድረው ወገባቸውን ይዘው በቀጥታ እኔ ዘንድ የመጡትን ባሰልፋቸው አደባባዩ ይሞላል። ለኔ ገበያ ነው፣ በዚህ አላማርርም። ደንበኛ ሲያመነታበት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? አንገትጌውን ይጎትትና እብጠቱን ያሳያል። "ይሄን ጀርባ የሚያሳርፈው ምን ይመስልዎታል?" ይላል፣ ፍራሹን መታ መታ እያደረገ። ይሸጣልም እኮ!

አባቱ ሌላ ሰው ነበር። ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም የኖረ፣ "በሬው" የሚሉት፣ አፉ የተዘጋ ሰው። ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር የእመቤታችንን ፓሶ በክፍያ እንዲሸከም ይጠራው ነበር፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ማንም ሳይጠራው በፍቅር ይመጣ ጀመር። በሬው ሲሞት ቦታው ለልጁ ተሰጠ። ሌአንድሮ ከአባቱ ቦታውንም ስሙንም ወሰደ። ጀርባውን ግን ሽማግሌው መቃብር ይዞት ወረደ።

ሸክሙ እንዲህ ነው። በሆሳዕና ቀን እመቤታችን፣ ሐውልቷ ማለቴ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን የምትወጣው በፓሶ ላይ ቆማ ነው። ፓሶ ማለት ብርና ሻማ፣ እንጨትና አበባ የተጫነበት፣ አንድ ክፍል የሚያህል መድረክ ነው። ከሥሩ፣ በቬልቬት መጋረጃ ተከልለው፣ ወንዶች ይሸከሙታል። በእጅ አይደለም፣ በትከሻም አይደለም። ራስህን ዘንበል ስታደርግ ማጅራትህ ላይ ከሁሉ ጎልታ የምትወጣ አጥንት አለች፣ ከላይ ሲቆጠር ሰባተኛዋ የአንገት አጥንት። አግዳሚው እንጨት የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፣ በመሀል ተጠቅልሎ ማጅራት ላይ የተደረገ የጆንያ ጨርቅ ብቻ አለ።

ለምን እሷ ላይ? ትከሻ በጡንቻ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ክብደት ስትጭንበት ጡንቻው ይደክማል፣ ትከሻውም ይወርዳል። ከሰባተኛዋ አጥንት በታች ግን አጥንት በአጥንት ላይ፣ በየመሀሉ ዲስክ እየገባ፣ እስከ ዳሌ ድረስ የተደረደረ ምሰሶ አለ። ምሰሶው አንገት ላይ ወደ ውስጥ፣ ደረት ላይ ወደ ውጭ፣ ወገብ ላይ መልሶ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ክብደት ሲመጣበትም እንደ ሞላ ትንሽ ይረግብና ይችለዋል። የጀርባ ጡንቻዎች ሥራ መሸከም አይደለም፣ ምሰሶው እንዳይዘም መያዝ ነው። የሚያነሳው ጭን ነው። ወገብ ቀጥ፣ ጉልበት ዝቅ፣ አንገት ጸጥ። ይሄን ያወቁት አባቶቻችን ናቸው፣ የኔን ትምህርት ቤት ሳያዩ።

ታዲያ በአንድ አግዳሚ ሥር ጎን ለጎን የሚቆሙት ሰዎች ሰባተኛ አጥንታቸው እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ትንሽ ከበለጠ የጎረቤቱን ሸክም ይወስዳል፣ ትንሽ ካነሰ ደግሞ እንጨቱ አይነካውም። ለዚህ ነው ጾሙ ከመግባቱ በፊት የልኬት ቀን ያለው። የተሸካሚዎቹ አለቃ ዶን ቴኦፊሎ ሰዎቹን የሸራ ጫማቸውን አስደርጎ ግድግዳ ሥር ይደረድራቸዋል፣ መዳፉን በየማጅራቱ ላይ እያሳረፈ እኩያን ከእኩያው ያቆማል። አንዴ ከተመደብክ ለዓመቱ ቦታህ ያው ነው።

ከሌአንድሮ በስተቀኝ የሚቆመው ወንድሜ ናርሲሶ ነው።

ናርሲሶ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ በከተማችን በምላጭ የሚላጭ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ምላጩ የአባታችን ነበረች። ወንድሜ ብዙ አያወራም፣ አያገባም፣ አይጣላም፣ ምላጩን በመሳያው ቆዳ ላይ ሲያፋጭ ግን ቆመህ ታያለህ። ባለፈው መኸር የመድኃኒት ቤቱን ዶን አንሰልሞን ሲላጭ ጆሮውን ቆረጠው። ዶን አንሰልሞ ጆሮውን በነጭ ፎጣ ይዞ፣ እየተሳደበ አደባባዩን ሲያቋርጥ ሰው ሁሉ አየ። በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ዋለ።

ናርሲሶ ወደኔ መጣና እጁን ዘረጋ።

"አውራ ጣቴ የሌላ ሰው ጣት ሆነብኝ" አለኝ። "ምላጩን የያዝኩ ይመስለኛል፣ ሳየው ግን ሊወድቅ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሆሳዕና።"

"አሁን መኸር ነው እኮ፣ አንተ በግ!"

"ያልፋል ብዬ ነዋ።"

አስተኛሁት። ከአከርካሪ ግራና ቀኝ፣ ከዳሌ እስከ ማጅራት የሚወጡ ሁለት የጡንቻ ገመዶች አሉ፣ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙን እነሱ ናቸው። በደህና ተሸካሚ ጀርባ ላይ ሁለቱም እኩል ይወፍራሉ። የናርሲሶ ቀኙ የመርከብ ገመድ ሆኗል፣ ግራው ግን እንደማንኛውም ፀጉር አስተካካይ ነው። ይሄ የሚሆነው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሸክሙ ሁልጊዜ ከግራ በኩል ሲጎትትህና አንተ እንዳትወድቅ በቀኝ ስትስብ። በቀኝ ስትስብ አንገትህ ወደ ቀኝ ይጨመቃል፣ ዲስኩ ይሾልካል፣ ወደ ቀኝ እጅ የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል። ሐኪሙም በኋላ አንገቱን ራጅ አንስቶ ይሄንኑ ነው ያለው። ካረፈ ጣቱ ሊመለስ ይችላል፣ ከደገመው ግን ይርሳው አለ።

"በግራህ የሚቆመው ማነው?" አልኩት፣ እያወቅሁ።

"ሌአንድሮ ነዋ።"

"ሌአንድሮ አይሸከምም።"

ናርሲሶ ከአልጋዬ ላይ ዘሎ ተነሳ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ሬሜ! ሁለተኛ ይሄን ቃል ከአፍሽ እንዳልሰማው! ከመጋረጃው ሥር ስላለ ሰው እንዲህ አይባልም። የበሬው ልጅ ነው!"

"የበሬው ልጅ ነው፣ እሺ። አንተን ግን የሱን ሸክም ምን አሸከመህ?"

"አንቺ እዚያ ገብተሽ አታውቂም።"

እውነቱን ነው፣ አላውቅም። እዚያ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ላብ ነው፣ የጎረቤትህ ትንፋሽ ነው። ከጎንህ ያለውን "አልተሸከምክም" ማለት ሚስቱን እንደመስደብ ነው። ይሄን ወግ ሌአንድሮም አሳምሮ ያውቃል፣ ዕድሜ ልኩን የተደገፈው እሱን ነው።

ከገና በኋላ ማኅበሩ ተሸካሚዎቹን ሁሉ ለምርመራ ወደኔ ላከ። ሌአንድሮ ሽቶውን ነስንሶ፣ ገና ከበሩ ሸሚዙን እየፈታ ገባ።

"ሬሜ፣ የኔ ወርቅ! ይሄን በሬ እስቲ ፈትሺው። ቀስ በይ ብቻ፣ የተቀደሰ ቦታ አለበት!"

"ተኛ" አልኩት።

ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! ከማጅራት እስከ መሀል ጀርባ የሚዘረጋው ሰፊው ጡንቻ ሊጥ ነው። ወገቡ ጋ፣ ከአከርካሪው ተጣብቀው አጥንትን ከአጥንት የሚያስሩት ትንንሾቹ ጡንቻዎች ከስመው ጣቴ ጎድጓድ ውስጥ ይገባል። ወንበር ላይ የኖረ ጀርባ ነው፣ ያውም ለስላሳ ወንበር። ከዚያ ወደ ዝነኛዋ እብጠት ወጣሁ። የእውነተኛ ተሸካሚ እብጠት ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ነው፣ ደንድኗል፣ አይላወስም። የሌአንድሮን በጣቴ ገፋ ሳደርጋት ከቆዳው ሥር እንደ ወይራ ፍሬ ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተች።

"ሌአንድሮ፣ ይሄ ስብ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ስብ። ያረጀ ውሻም ያወጣል።"

"አይ ሬሜ" አለ ከአልጋው ቀዳዳ ውስጥ፣ "አንቺ እምነት የለሽም፣ ችግርሽ እሱ ነው።"

ካልሲውን አስወልቄ ግድግዳው ሥር አቆምኩት። እዚያ የካፖርት መስቀያ አለኝ። ናርሲሶ በባዶ እግሩ ሲቆም ሰባተኛ አጥንቱ ልክ ከመስቀያው ጋር ነው፣ ስንት ጊዜ አቁሜዋለሁ። የሌአንድሮ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ቀረች። "ልበስ" አልኩት።

የልኬቱ ቀን ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ዶን ቴኦፊሎ መዳፉን ናርሲሶ ማጅራት ላይ አሳረፈ፣ ወደ ግራ ሳበው፣ ሌአንድሮ ማጅራት ላይም ያለ ምንም እንቅፋት አለፈ። እኩል! ፀጉሩ የሸበተ ሰው በሳምንታት ውስጥ አደገ በሉኝ። ጫማውን አየሁ። ተረከዙ ከጫማው አፍ ወጣ ብሏል፣ ከውስጥ የሆነ ነገር አንስቶታል። ነገሩ ያኔ ፍንትው አለልኝ። ለልኬቱ ጫማው ውስጥ ቡሽ ይከታል፣ ከረጃጅሞቹ ጋር ይመደባል። ለሆሳዕና ቡሹን አውጥቶ ይገባል፣ እንጨቱ በሁለት ጣት ከላዩ ያልፋል። የጆንያው ጥቅል ክፍተቱን ይሞላዋል፣ በጨለማው ማን ያያል? ግንባሩን ኮስተር አድርጎ ከሰው ጋር መራመድ ብቻ ነው ሥራው።

ዶን ቴኦፊሎን ወደ ጎን ጠራሁት።

"ዶን ቴኦፊሎ፣ ጫማቸውን አስወልቀው ይለኳቸው።"

"ለምን ሲባል?"

"ሌአንድሮን ብቻ እንኳ።"

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገው። "ሬመዲዮስ፣ በሬው እኔን ያሳደገኝ ሰው ነው። ልጁን በሰው ፊት ጫማህን አውልቅ ልበለው? ደፍሬ ልበለውና፣ ተሳስተሽ ቢገኝስ?"

"ባልሳሳትስ?"

"ያኔ ደግሞ የባሰ ነው" አለና ትቶኝ ሄደ።

ወደ ወንድሜ ሄድኩ። ለመንኩት። ዘንድሮ እንኳ እረፍ፣ ጣትህ ነው፣ እንጀራህ ነው አልኩት። ባዶውን ወንበር በጨርቅ እየወለወለ ሰማኝ።

"ይቺን ዓመት ብቻ" አለኝ። "አባታችን የቆመበት ቦታ ነው። በጣቴ ምክንያት ልተወው?"

"በምን ምክንያት ልትተወው ነው ታዲያ? የራስ ቅልህ ሲሰበር ነው?"

ሳቀ። ናርሲሶ ሲስቅ ሕፃን ይመስላል፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ያን ቀን ወሰንኩ። ወንድሜን ማስቀረት ካልቻልኩ ጎረቤቱ ይሸከማል።

ሆሳዕና ከሰዓት በኋላ፣ ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው አዳራሽ ይለባብሳሉ። አንዱ የሌላውን ወገብ በረጅም መቀነት ያጠብቃል፣ ጆንያውን አጥፎ ራሱ ላይ ያስርለታል። እኔ እዚያ የምገባ ብቸኛ ሴት ነኝ፣ ጀርባ የታመመውን፣ እግሩ የተላጠውን በፕላስተር አስራለሁ። ሌአንድሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጫማው ሜዳ ሆኖ፣ ቡሽ የለ ምን የለ፣ ማር የተነከረ የዳቦ ጥብስ፣ ቶሪሃ፣ ይበላል። ማሩ በአገጩ ይወርዳል። ፊቱ ተንበረከክኩ።

"እግርህን አምጣ።"

"እግሬ ምንም አልሆነ፣ የኔ ወርቅ።"

"ተረከዝህ ተሰንጥቋል፣ ደም ሳታፈስ ልሰርልህ።" እጄን ከቦርሳዬ ሳወጣ፣ ጫማ ሰፊው የቆረጠልኝን ሁለት ቡሽ ይዤ ነበር። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ፣ "ለልኬቱ ቀን የነበረህ ቁመት ዛሬ እንዳይጎድልብህ ነው፣ ሌአንድሮ!" አልኩ።

ወንዶቹ ሳቁ፣ ነገሩ አልገባቸውም። ዶን ቴኦፊሎ ዞር ብሎ አየን። ሌአንድሮ ቶሪሃውን መዋጥ አቃተው። እግሩን ሊስብ ፈለገ፣ ግን ምን ብሎ? "ቡሽ አልፈልግም" ካለ፣ ለምን ሊባል ነው። እኔ ቡሹን ተረከዙ ሥር አድርጌ በፕላስተር ዙሪያውን አጠበቅሁት፣ በመጋዝ ካልሆነ እንዳይወጣ አድርጌ።

"ሬሜ" አለኝ በሹክሹክታ፣ "እኔ አንቺን ምን አደረግኩሽ?"

"እኔን ምንም። በል ተነስ፣ ቆመህ እንይህ።"

ቆመ። ናርሲሶ አጠገቡ መጥቶ ሲቆም ማጅራታቸው እኩል ሆነ። ዶን ቴኦፊሎ የሌአንድሮን ተረከዝ አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከንፈሩን ነክሶ "ግቡ!" አለ።

ገቡ። መጋረጃው ወረደ። ዶን ቴኦፊሎ ከፓሶው ፊት የተሰቀለውን መዶሻ ይዞ አንዴ መታ፣ ከሥር ሁሉም ጉልበታቸውን ሰብረው ተዘጋጁ። "ወደ ሰማይ!" ብሎ ሲጮህና መዶሻው እንደገና ሲወርድ ሁሉም እኩል ዘለሉ፣ እመቤታችንም ከነሻማዋ ብድግ አለች። ከመጋረጃው ሥር ድምፅ አይወጣም፣ ወጉ ነው። ያን ቀን ግን ወጣ። እንደታነቀ አውራ ዶሮ ያለ ድምፅ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ፣ "የአምላክ ፍቅር ነው" አለች አጠገቤ ያለች ሴትዮ። ሳቄን በመሀረቤ አፈንኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ መጠጥ ቤቱ ጥግ ሄዱ። እዚያ ፓሶው ለእረፍት ሲያርፍ መጋረጃው ከጎን ተገለጠና ሌአንድሮ በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ። ጆንያው ዓይኑ ላይ ወርዷል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ አንገቱን ማቅናት አቅቶት መሬት መሬት ያያል። አሳላፊዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች።

"ተሸክሞ ነው" አልኳት።

ተጠባባቂ ገባ፣ ፓሶው ቀጠለ። ናርሲሶ የወጣው ቅያሬ ሲመጣ ነው። ፊቱ በላብ ተነክሯል፣ ግን ዓይኖቹ ይበራሉ፣ እጄን ያዘኝ።

"ሬሜ፣ ቀለለኝ! እስከ ጥጉ ድረስ ቀለለኝ! ቀጥ ብዬ ሄድኩ፣ ክብደቱ በቀጥታ ወደ እግሬ ወረደ። አባታችን ይል የነበረው ይሄን ነው ለካ! እኔ ሁልጊዜ ስንፍናዬ ይመስለኝ ነበር፣ ከነሱ ያነስኩ…"

አልጨረሰውም። ቆሞ አሰበ። ሲገባው አየሁት። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ዓመቶቹን ወደ ኋላ ሲቆጥራቸው እኔም አብሬው ቆጠርኳቸው።

"አውቀሽ ነው ያደረግሽው?" አለኝ።

"አውቄ ነው።"

"ማወቅ አልፈልግም ነበር" አለና እጄን ለቀቀው። ያቺ ቃል አሁንም ታመኛለች፣ ብታመኝም መልሼ አደርገዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሌአንድሮ ክሊኒኬ መጣ። በመጀመሪያ ከተማውን ሁሉ ዞሮ "ያቺ ጠንቋይ አካለ ስንኩል አደረገችኝ" ሲል ሰንብቶ ነበር። አንገቱ ሳንቃ ሆኗል፣ ዞር ለማለት መላ ሰውነቱን እንደ ቁም ሣጥን ያዞራል። ማጅራቱ ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ እየጀመረው ነው። ስቧ እዚያው አለች፣ ከሥሯ ያለው ጡንቻ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ጡንቻ ተቆጥቷል። ሳልራራ ተጫንኩት።

"ቀስ! ኧረ ቀስ!" አለ። ከዚያ ከአልጋው ቀዳዳ ውስጥ፣ በማላውቀው ድምፅ፣ "ሬሜ… እነሱን ሁልጊዜ እንዲህ ያማቸዋል?"

"የመጀመሪያው ዓመት አንዴ ተሸክሜ ነበር" አለ። "አባቴ በሞተ በዓመቱ። የምሞት መሰለኝ። ዙሪያዬን ሳይ ማንም አያለቅስም። ሁሉም የየራሱ ዘዴ ያለው መሰለኝ፣ እኔም የራሴን አበጀሁ። እንዲህ እያመመው ዝም የሚል ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም።"

አፌን ሞልቼ ልሰድበው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በሰዎች መሀል ተራምዶ፣ ሰው አጠገቡ እየተሰበረ፣ ሁሉም እንደሱ የሚያስመስል መስሎት!

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ" አልኩት። "ናርሲሶ ወንበሩ ባዶ ነው። ሂድና ተቀመጥበት። ሌላው ሁሉ ፈርቶ ሸሽቷል፣ አንተ ተላጭለት።"

"እጁ እኮ…"

"እጁን ማን አደረገው?"

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። አዎ፣ አብሬው ሄድኩ፣ ካልገፋሁት የት ይሄዳል። ናርሲሶ ቀና ብሎ አየን። ወንበሩን መታ መታ አደረገው። ሌአንድሮ ተቀመጠ። ወንድሜ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረለት፣ አረፋውን ቀባው፣ መሳቢያውን ከፍቶ የአባታችንን ምላጭ አወጣ። በመሳያው ቆዳ ላይ አፋጫት። ከዚያ አውራ ጣቱን ምላጩ ወገብ ላይ ሲያሳርፍ ቦታዋን ለማግኘት ዓይኑን መጠቀም ነበረበት፣ እኔ ከተቀመጥኩበት አየሁ። ከዚያ በኋላ ግን እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ አልተንቀጠቀጠም።

ምላጩ ጉንጩ አጠገብ ስትደርስ ሌአንድሮ ሁለት እጁን ከጨርቁ ሥር አወጣ።

"ናርሲሶ፣ ወንድሜ" አለ፣ "ዛሬ… ዛሬ በማሽን ይሁንልኝ። እቸኩላለሁ፣ ሱቅ ልከፍት ነው።"

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። "አንተ ልክስክስ! አንተ የስብ ከረጢት! ውጣ ከዚህ! ያንን ሁሉ ዓመት…"

"ተዪው፣ ሬሜ" አለ ናርሲሶ። አልተቆጣም። አረፋውን ከሌአንድሮ ጉንጭ ላይ በፎጣ ቀስ ብሎ ጠረገለት። "እስከ ዛሬ በጨለማ ነበር፣ ዛሬ እንኳ እያየሁት ነው የሸሸው።"

ምላጩን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጣት፣ ማሽኑንም በግራ እጁ አነሳ።